ገመድ የያዙት ሰው

ጋሽ ሳከላሪስ በደሴታችን ሠላሳ ዓመት መረብ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ከባሕር ወለል ስፖንጅ በሚለቅሙ ሰዎች ጀልባ ላይ የጠላቂ ገመድ ይይዙ ነበር። የመጨረሻው ጠላቂያቸው የባሌ አባት ኒኪታስ ነው። ጠላቂው ከታች የሚቆይበትን ጊዜ የሚለካው የአሸዋ ሰዓት ሲያልቅ ውጣ ብለው ገመዱን ሳቡ። እሱ ግን ከታች ሁለቴ ጎተት አድርጎ «ቆየኝ» አላቸው፤ ቆዩት። ጥልቁ ውስጥ ከልክ በላይ ስለቆየ፣ እንደወጣ ጀልባዋ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሳከላሪስ ገመድም አልያዙ፣ ደጃችንንም አልረገጡ።

ባለፈው ሳምንት የባሌ እናት ሴቫስቲ እኔንና ሕፃን ልጄን አስከትለው ሄዱባቸው።

«ልጁን ክርስትና ታነሳልኛለህ።»

«እኔ? ባልሽን የገደልኩት ሰውዬ?»

«ደግሞ ጀመረህ! ጠላቂ ቆየኝ ካለ ይቆየዋል፣ ወጉ ነው። እሱም ግትር ነበር። ደግሞስ ያን ቀን እሱን ‹የቤታችን ጣሪያ ሳያልቅ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ› ያልኩት እኔ አይደለሁም? ሁሉን ብቻህን ልትሸከም ነው፣ በዚህ መረብ በማይችል ጀርባህ?»

ይህን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

«ቢያመልጠኝስ?»

«ጥብቅ አድርገው ይያዙታ!» አልኳቸው።

እሑድ ቄሱ ልጁን ሦስቴ ውኃ ውስጥ ነክረው ሲያወጡት ጋሽ ሳከላሪስ በነጭ ፎጣ ተቀበሉት። በአያቱ ስም ኒኪታስ ተባለ፤ ጩኸቱም ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ፣ ይጥባ» አልኩ።

«ቆዪኝ እስቲ» አሉ።

ቆየኋቸው።