ዓርብ ዓርብ ከካርታው ፊት

አዲሱ ክልል አሶሳ ላይ ቢሮ ሲከፍት ከተላኩለት ካርታዎች መካከል አንዱ በስህተት የአሰብ ባሕረ ሰላጤ የድሮ ካርታ ሆኖ ተገኘ። የካርታ ክፍል ሠራተኛዋ ሐዊ ጠያቂ እስኪመጣለት ብላ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱ መጋዘን ዘበኛ ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ስሙን ጠይቃው አታውቅም። በዚያ ሙቀት የወደብ ሠራተኛ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ይገባል።

«ጋሼ፣ ቢሮዬን መስጊድ አደረጉት እኮ!»

«አሸዋ ላይ በጫማ የሚሄድ እንግዳ ነው፣ እቴ።»

ጣቱን ከወደቡ አንሥቶ ዳርቻ ዳርቻውን ይወስድና ጨው ማምረቻው አጠገብ ያቆመዋል። እዚያ ካርታው ባዶ ነው።

ዛሬ እርሳስ ይዞ መጣ። «ልጄን እዚህ ነው የቀበርኳት። አሰብን ለቀን ስንወጣ አፈሯ እንኳ አልደረቀም ነበር። አንዲት መስቀል አድርጊልኝ።»

የመንግሥት ካርታ ላይ አይጻፍም። ሐዊ ግን እርሳሱን ተቀበለች። «የቱ ጋ ላድርገው?»

ጣቱ ከጨው ማምረቻው በላይ ወጣ፤ ወደ ታች ወረደ፤ ወደ ባሕሩ ተጠጋ፤ ተመለሰ።

«ቆይ... አንዲት ግራር ነበረች» አለ። ካርታው ላይ ግራር የለም። ግንባሩን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። «ለዓርብ አስታውሼ እመጣለሁ። አደራ፣ እንዳይነኩት።»

ካርታው ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ የሚያዘው ደብዳቤ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ከእግሩ ላይ የሌለውን አሸዋ በእጁ ያራግፋል።

«እሺ፣ ጋሼ» አለችው።