ለልጅ የማይሆን ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ሀዋሳ ታቦር ሰፈር በነበረው የኪራይ ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔ በሆዴ «እንኳን ጠፋ» እላለሁ። መብራት ከሌለ ቴፕ የለም፤ ቴፕ ከሌለ ደግሞ አባዬ እማዬን አይመታም። ሊመታት ሲል መጀመሪያ ቴፑን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ይዘጋል። ጎረቤት ዘፈኑን ይሰማል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ግን ግድግዳው ስስ ስለነበር ከዘፈኑ ሥር ያለውን እንሰማለን።

አባዬ ውጭ ሲያዩት ሰው ጨዋታውን የማይጠግበው ሰው ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ፣ መሥሪያ ቤት ሲጣሉ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እማዬ ጠዋት ፊቷ አብጦ ስትወጣ «በር መታኝ» ትላለች፤ ጎረቤቶቻችንም «አይዞሽ፣ እግዜር ይማርሽ» ብለው ያልፋሉ። ያ ቤት ስንት በር ቢኖረው ነው እያልኩ ዛሬም እናደዳለሁ።

ተረት የምትነግረን የአባዬ ታላቅ እህት ነበረች። «ነበረች» ማለቴን ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር፤ እትዬ አስቴር አንቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ሳቅ የማያበዙ። እሑድ እሑድ ሲመሽ ይመጡና በረንዳው ላይ ከሰል አያይዘው በቆሎ እየጠበሱልን ያወራሉ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ወደሳቸው እንጠጋለን። የእሳቸው ተረት ምሕረት አያውቅም። የሌላ ልጅ አክስት ጥንቸል ጅብን ስታታልል ታወራለች፤ በእኛዋ ተረት ግን ጅቡ ጥንቸሏን በልቶ ይጨርሳል፣ አጥንቷንም ይቆረጥማል። ደግሞ በየመሀሉ ዝም ይላሉ። «እሺ» የሚል ሰው ከሌለ የሚሰማ የለም ማለት ነው ብለው ተረቱን እዚያው ይተዉታል፤ ስለዚህ እኔና ናቲ እየተሽቀዳደምን «እሺ» እንል ነበር።

አንድ ቀን፣ እሑድ ሳይሆን፣ ገና ሲመሽ መብራት ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስቴር መጡ። የእማዬ ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር። «በር ነው» አለች ሳትጠየቅ። እሳቸው የከሰል ማንደጃውን ከበረንዳው አንሥተው አባዬ ወደተቀመጠበት ሳሎን አስገቡት፤ መስኮቱንም ከፈቱት። ለጭሱ ይሆናል ብዬ ነበር።

የዚያን ምሽት ተረት ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። ቀን ቀን ሰው ሆኖ የሚውል አንድ ነብር ነበር። ማታ በሩን ዘግቶ የሰው ቆዳውን ሚስማር ላይ ይሰቅልና ሚስቱን በጥቂት በጥቂቱ ይበላታል፤ ዛሬ ጣቷን፣ ነገ ጆሮዋን። ጠዋት ምን ሆንሽ ሲሏት በር መታኝ ትላለች። «ነብሩ ሊበላት ሲል» አሉ እትዬ አስቴር፣ «ደጅ ላይ ከበሮ ያስመታል። ጎረቤት የሚሰማው ከበሮውን ብቻ ነው።» ከዚያ ዝም አሉ።

ማንም «እሺ» አላለም። አባዬ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ ይሄ ለልጅ የሚሆን ተረት ነው?» አለ። ያ ቀስ ያለ ድምፅ ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። ግን ተረቱ እዚያ ላይ ከቆመ ሴትየዋ ከነብሩ ጋር ተዘግቶባት ልትቀር ነው። ያኔ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነበር፤ «እሺ» አልኩ።

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ጆሮዬ እየጮኸ ከወለሉ ቀና ስል አባዬ ማንደጃውን በእግሩ ገልብጦታል፤ ፍሙ ሳሎኑን ሞልቶ ናቲ እግሩን ይዞ ያለቅሳል። እማዬ ፍሙን ከልጇ እግር ላይ በባዶ እጇ አነሣችው። እጇ ሲቃጠል የሸተተኝ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ከዚያ ናቲን አቅፋ፣ ወደ አባዬ ሳትዞር፣ «እሺ» አለች። «ከዚያስ፣ እትዬ?»

እትዬ አስቴር ቀጠሉ። አባዬ ቀበቶውን ፈታ። ታላቅ እህቱ ላይ እጁን ያነሣል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም፤ ዘለበቱ ግን መነጽራቸውን ሰብሮ ፊታቸውን ቀደደው። ደማቸው በፍሙ ብርሃን ጥቁር መስሎ አገጫቸው ድረስ ወረደ። ድምፃቸውን ዝቅም ከፍም አላደረጉም። ሚስትየዋ ነብሩ ጠግቦ ሲተኛ ቆዳውን ከሚስማር አውርዳ እሳት ውስጥ ጨመረችው አሉ። እማዬ «እሺ» አለች፤ አባዬ እሷንም በቀበቶው መታት። ሲነጋ ነብሩ የሚለብሰው አጥቶ እንዳለ ወጣ፤ አገሩም አየውና በሩ ላይ በጦር ወጋው። ይህን ሲጨርሱ የእኛ በር ተከፈተ። ቴፕ አልነበረም፤ መስኮቱም ክፍት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉንም ሰምቷል። አከራያችን የባትሪውን ብርሃን አባዬ ላይ አበሩበት። ቀበቶው በእጁ ነበር። እንደገና ወደኛ ይጠጋ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ ከአከራያችን ጋር የመጡት ጎረቤቶች ግን ገብተው በመሀላችን ቆሙ።

በማግሥቱ ጠዋት በባጃጅ ወደ እትዬ አስቴር ቤት ሄድን፤ አልተመለስንም። የእሳቸው ግራ ዓይን ከዚያ ወዲህ በደንብ አላየም። ለብዙ ጊዜ ተቀይሜያቸው ኖሬያለሁ፤ ምን እንደሚያደርግ እያወቁ ነው የነካኩት እያልኩ። ካደግሁ በኋላ ደፍሬ፣ አውቀው ነው ወይ ያደረጉት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መብራቱ ሲጠፋ አይቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

አሁን እዚሁ ሀዋሳ ለልጆችና ለወጣቶች ከተጻፉ መጻሕፍት ለሽልማት የሚገባውን ከሚመርጡት አንዷ ነኝ። ሰሞኑን አንድ መጽሐፍ አከራከረን፤ እንጀራ አባቷ ክንዷን የሰበረባት ልጅ ታሪክ ነው። አጻጻፉን ሁሉም ወደደው፤ ግን ልጆች ይደነግጣሉ ተባለ፤ ጥሩ ሥዕል ያለው የጥንቸሎች መጽሐፍ ይሻላል ተባለ። በጥንቸሎች ቂም የለኝም። ያ ምሽት አስደንግጦኛል፤ አብሮኝ የቀረው ግን ፍርሃቱ አይደለም፤ ፍርሃቱማ ከተረቱ በፊትም ነበረ። አብሮኝ የቀረው፣ በቤታችን የሚደረገውን አንድ ሰው በድምፅ ሲናገረው መስማቴ ነው። ይህን ለባልደረቦቼ እንደምንም ብዬ ነገርኳቸው። መጽሐፉ ለሽልማቱ ተመረጠ፤ የኮሚቴያችን ጸሐፊም ብዕሩን ይዞ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ጠየቀ፤ አሥራ አምስት ብንል ምን ይመስልሻል አለኝ። ናቲ ያን ምሽት አምስት ዓመቱ ነበር።

«አምስት በለው» አልኩት።