ጽጌረዳዎቹ ከመሬት እስኪነሱ

ልጅ ሳለሁ ጽጌረዳ በየዓመቱ የሚቀበር ነገር ይመስለኝ ነበር። ያኔ የምንኖረው ብሩክሊን ሴንተር ነው፤ ከቤታችን ጀርባ እናቴ የተከለቻቸው ቢጫ ጽጌረዳዎች ነበሩ። በረዶው ከመጣሉ በፊት አብረውን የሚኖሩት የአባቴ አጎት ጋሼ ታደሰ ከእያንዳንዷ ተክል አጠገብ ቦይ ይቆፍሩና፣ ሥሯን ባንድ ወገን አላልተው እንደ ታማሚ ሰው ቀስ አድርገው ያጋድሟታል፤ ከዚያም አፈር፣ ባፈሩ ላይ ደግሞ የረገፈ ቅጠል ያለብሷታል። የሚኒሶታ ብርድ ቆማ ያገኛትን ጽጌረዳ አይምርም። የሚነሱት መሬቱ እስከ ውስጡ ሲለሰልስ፣ በኤፕሪል ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ ፌብሩዋሪ ላይ ሆስፒታል አስተኟት። ሕፃኑ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይመጣ ከአልጋ መውረድ የለባትም ተባለ። አባቴ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ውሎ ከሥራ በቀጥታ ወደ እሷ ስለሚሄድ እኔ የማመሸው ከጋሼ ታደሰ ጋር ነበር። እሳቸው ጋራዡን ከፍተው፣ ደጃፉ ላይ ባለው የብረት ምድጃ ነፋስ የሰበረውን ጭራሮ እያነደዱ ተረት ይነግሩኛል። ካፖርቴን ለብሼ ታጣፊ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ፊቴ ይግላል፣ ጀርባዬን ይበርደኛል። በእንግሊዝኛ ከጠየቅኋቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ በአማርኛ እስክጠይቃቸው ይጠብቁኛል። ተረቱን ግን ግማሹን ነበር የምሰማው። ጆሮዬ የአባቴን መኪና ይጠብቃል። መኪናው ሲደርስ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ቶሎ ይወርድ እንደሆነ አያለሁ፤ ተቀምጦ ከቆየ ወሬው ጥሩ አይደለም ማለት ነው።

ማርች አጋማሽ ላይ ባንድ ጊዜ ሞቀ። በረዶው ቀልጦ በየመንገዱ ወረደ፣ ጎረቤቶቻችን በቁምጣ ወጡ። በዚያ ሰሞን አንድ አመሻሽ ላይ አባቴ መጣና መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጠ። ሲወርድ ወደ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ጽጌረዳዎቹ ሄዶ ቅጠሉን በእጁ ይጠርግ ጀመር። እናቴ ስለ አበቦቿ ጠይቃው ነበር፤ አቁሜ ፎቶ አንስቼ ላሳያት ነው አለ።

ጋሼ ታደሰ አልከለከሉትም። ወደ እኔ ዞረው፣ ግን እሱም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በጋው ስለከፋባቸው መሬት ውስጥ ገብተው ስለተኙ ሁለት እህትማማች እንቁራሪቶች ይተርቱልኝ ጀመር። አንድ ቀን ከላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ታናሺቱ ልትወጣ ተነሳች። ታላቂቱም፣ ከላይ መርጠቡንስ ሰማሁ፣ ከታች ረጥቧል ወይ? ብላ ጠየቀቻት። ታናሺቱ መልስ ሳትሰጥ ወጣች፤ ደመናው አለፈ፣ ፀሐዩ በረታ፣ የወጣችበትም አፈር ከኋላዋ ደርቆ ተዘጋ።

አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ጋሼ፣ እነዚያ እንቁራሪቶች ሆስፒታል የተኛ ሰው አልነበራቸውም» አለና ከተክሎቹ ሦስቱን አውጥቶ አቆማቸው።

በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ዞረ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በየጓሮው የተኛው ውሃ ረግቶ ጠጠረ። አባቴ ከሆስፒታል ሲመለስ ጋሼ ታደሰ ብርድ ልብሳቸውን ካልጋቸው ገፈው ውጭ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ሁለቱ አጎንብሰው ጽጌረዳዎቹን ሲያለብሱ እኔ ባትሪ አበራሁላቸው። ለማንም ሳልነግር ስፈራው የከረምኩት ነገር ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ።

«ጽጌረዳዎቹ ከሞቱ ሕፃኑም ይሞታል?»

ጋሼ ታደሰ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ያ ተረት የእንቁራሪት ነው፤ የእናትሽ አይደለም» አሉኝ። «ይሄ እንጨት ነው፤ ቢደርቅ ሌላ እንተክላለን። እናትሽን ሐኪሞች እየጠበቋት ነው።»

«ሕፃኑስ?»

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ። አብረን እንጠብቃለን።»

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ የብቻዬ አልነበረም። በማግስቱ አባቴ ሆስፒታል ይዞኝ ሄደ። እናቴ እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው፤ ሕፃኑ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሦስታችንም አብረን ጠበቅን።

አባቴ ካወጣቸው ሦስቱ ሁለቱ እስከ መሬት ጠቁረው ቀሩ። የቀሩትን ጋሼ ታደሰ ኤፕሪል ሲጋመስ አፈሩን በጣታቸው እየፈተሹ፣ የጠቆረውን ጫፍ እየቆረጡ አንድ በአንድ አስነሷቸው። እህቴ ሜይ ላይ ያለጊዜዋ ተወለደች፤ እጅ የማትሞላ ነበረች። እናቴ ይዛት ወደ ቤት የገባችው አበቦቹ ፈክተው ሳለ ነው። ገና ሳትቀመጥ በመስኮቱ አየችና ሁለቱ የት ሄዱ አለች። አባቴ አንገቱን ደፋ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሼ ታደሰ ቀደሙት።

«ብርድ ወሰዳቸው» አሉ፤ ሕፃኗንም ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

ዛሬ አፕል ቫሊ ባለው ቤቴ የራሴ ጽጌረዳዎች አሉኝ፤ ማርች በሞቀ ቁጥር እስካሁን ልቤ አያርፍም። ጋሼ ታደሰ ካረፉ ቆዩ። ከተረቶቻቸው ብዙውን ረስቻለሁ፤ ልጆቼን ላጫውት ስጀምር መሃሉ ይጠፋብኛል። እሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ በቀልድ እንኳ፣ አባቴን «አላልኩህም ወይ?» ሲሉት አልሰማሁም።