ሶንግ በተራ

በዙሉዎች አገር፣ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ያለው ሱቃችን ውስጥ ስንት ዓመት ቆሜ ስሸጥ ኖሬ ጉልበቴ አንድ ቀን እንቢ አለ። ልጄ ሱቁን ተረክቦ ሜይፌር በሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ አስቀመጠኝ፤ አርፈሽ ተቀመጪ ማለቱ ነው። መቀመጡ ደግሞ ከመቆሙ ባሰብኝ። ነርስ ለመሆን የምትማረው የልጅ ልጄ አንድ ቅዳሜ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ እጄን ይዛ ሰፈራችን ወዳለው መናፈሻ ወሰደችኝ። አንድ ቀጭን ቻይናዊ ሽማግሌ ፊት ቆመዋል፣ አሥር የሚሆን ሰው ከኋላቸው ተደርድሯል፣ ሁሉም ቀስ እያለ አየሩን ይገፋል። ታይቺ የሚባል የቻይና ስፖርት ነው፣ ለጉልበት መድኃኒት ነው አለችኝ። እኔስ በጨለማ የወደቀ ቁልፍ የሚዳብሱ ነበር የመሰሉኝ።

መምህሩ እንደ እኔው ባለሱቅ ነበሩ። በወጣትነታቸው መጥተው ብርድ ልብስና ቴርሞስ ሲሸጡ ነው እዚህ አገር ያረጁት። ስለዚህ ቶሎ ተግባባን። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥር፣ «ነገ ና»፣ «አልቋል»፣ «አትንካ»። በዚህ ብቻ ሰው ስንት ዓመት በደህና ሊኖር እንደሚችል የተማሩት አያውቁም። ሱቃቸው ሦስት ጊዜ ተዘርፏል። ይህን ሁሉ እጅ ማወናጨፍ እያወቁ ለምን አልመቷቸውም ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሌቦቹ ከእሳቸው ይበልጥ ደንግጠው ነበር አሉኝ። አንዱንማ ቁጭ አድርገው ውኃ አጠጥተው ነው የሸኙት። እኔ ብሆን ቴርሞሱን ራሱ ላይ ነበር የምሰብረው።

በሁለተኛው ቅዳሜ መምህሩ ከኋላዬ መጡና ሁለት ጣታቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው «ሶንግ» አሉኝ። «ሶንግ፣ ሶንግ» ብለው ደገሙት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ሶንግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ይህን ሶንግ ስሚ፣ ያንን ሶንግ ስሚ ሲሉኝ ነው የሚውሉት። አዲስ ሰው ሲመጣ ዘፍኖ ነው የሚገባው ማለት ነው ብዬ ገመትኩ። ሁሉም አገር የራሱ ደንብ አለው። እጃችን ደግሞ የሚሠራው፣ ከላይ ወደ ታች ጠረግ፣ ጠረግ፣ ቁርጥ እንሰት መፋቅ ነው። ስለዚህ ልጅ ሳለሁ ከሴቶች ጋር እንሰት ስንፍቅ የምንለውን ዘፈን ለቀቅኩት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መምህሩ ትከሻዬን አዩና «ጉድ» አሉ። የእንግሊዝኛውን ጉድ ነው ያሉት፤ የእኛው ጉድ ገና ነበር።

በሦስተኛውም ቅዳሜ ሁለት ጣት፣ ሶንግ። በአራተኛውም እንደዚሁ። አምስተኛው ላይ ደሜ ፈላ። ለምን እኔ ብቻ? ሰርግ ቤት የተጠራሁ ዘፋኝ ነኝ? ማድላት አልወድም። ልጆቼን ሳሳድግ እንኳ ዳቦ የምቆርሰው በጣቴ እየለካሁ ነበር። እጄን አውርጄ ሰልፉ መሃል ቆምኩ።

«ቲቸር» አልኳቸው፣ «ሶንግ ለእኔ ብቻ፣ ፊኒሽ። ኤቭሪባዲ በተራ።»

መምህሩ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «ኤቭሪባዲ» አሉ።

በየቅዳሜው አንድ ሰው ይዘፍናል፤ ተራ አስያዧ እኔ ሆንኩ። መናፈሻው በር ላይ ማግዊንያ የምትጠብስ አንዲት ዙሉ ከእኛ ጋር ትሰለፋለች፤ ማግዊንያ እዚህ አገር ጠዋት ጠዋት የሚበላ የተጠበሰ ሊጥ ነው። እሷ አላስቸገረችኝም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙሯን ስትለቀው ባለታክሲዎቹ ጥሩምባ እየነፉ ያጅቧት ነበር። ያስቸገረኝ የአገሬ ልጅ ነው፤ ጡረታ የወጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሁላችንም ዶክተር የምንለው። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን ባሳየው የአፈር ዶክተር ነኝ አለኝ። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ የጫማው ማሰሪያ ይፈታል። አልለቀቅኩትም። በመጨረሻ እንደ ተማሪ ቤት ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ አንደኛ ክፍል የተማረውን መዝሙር ዘመረ። ትከሻው ጆሮው ሥር ደርሶ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄድን። ከዚያ በሰኔ፣ እዚህ አገር ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ፣ መምህሩ ታመው ሞቱ።

ሩዝ ሠርቼ ከልጅ ልጄ ጋር ለቅሶ ደረስኩ። ሴት ልጃቸው ቢሮ የምትሠራ ጨዋ ሴት ናት፤ የምትዘፍነው ሴትዮ እርስዎ ነዎት ወይ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የልጅ ልጄ ትተረጉምልን ነበር። ላጽናናት ብዬ አባትሽ ዘፈን በጣም ይወዱ ነበር አልኳት። ግራ ገባት። አባቷ ቤት ውስጥ ሬዲዮ እንኳ የሚያስዘጉ ሰው ነበሩ። ታዲያ ሶንግ፣ ሶንግ የሚሉኝ ምን ነበር አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። በእነሱ ቋንቋ ሶንግ ማለት ላላ በይ ማለት ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ትከሻሽን ልቀቂው ነበር የሚሉኝ።

የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳት።

«እርስዎ ሲዘፍኑ ለምን ዝም እንደሚሉ ጠይቄያቸው ነበር» አለች። «አፏን ስትከፍት ትከሻዋ ወረደ፣ ሌላ ምን ላስተምራት አሉኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ይህን ነገር ሳመነዥክ ከረምኩ። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የመጣነው አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። መምህር የለም፤ አንድ ላይ ያያዘን ተራው ብቻ ነው። ተራው ራሱ ከእኔ ስህተት የመጣ ነው ብዬ ብናገር ሌሎቹ አራቱም ይበተናሉ፣ የመምህሩም ሥራ እዚያው ሣሩ ላይ ይቀራል። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ጀስት ሊቭ ኢት» አለችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ግን ዶክተርን በታመመ ጉሮሮው አስገድጄ ያዘፈንኩት እኔ ነኝ። ሰውን በሌለ ደንብ ተራ አስይዞ፣ ካወቁ በኋላ ዝም ማለት ለእኔ አይሆንልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም እጁን ሳያነሳ ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሶንግ ዘፈን እንዳልሆነ፣ መምህሩ ማንንም ዝፈን እንዳላሉ፣ በደሉ የእኔ እንደሆነ። መሄድ የሚፈልግም ቢሄድ እንደማልቀየም።

ዶክተር ሣሩን ሣሩን እያየ፣ እሱ በመጀመሪያው ወር ስልኩ ላይ ፈልጎ ትርጉሙን እንደደረሰበት ነገረን።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«እማማ፣ ፈራሁዎት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«አሁንም እፈራዎታለሁ።»

ባለማግዊንያዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እሷ ጎጎ ነው የምትለኝ፣ አያት ማለት ነው።

«ጎጎ፣ ጨረሱ?» አለችኝ። «ዛሬ ተራው የእኔ ነው። አልሰጥም።»

በዚህ ላይ ምን እላለሁ? ተራ እኮ ተራ ነው።

መዝሙሯን ጀመረች፣ እኛም እጃችንን አነሳን። የመምህሩን ቦታ ባዶውን ተውነው። እኔ እንደ እሳቸው ከኋላ ከኋላ ዞር ዞር አልኩ። የዶክተር ትከሻ ዛሬም ጆሮው ሥር ነው። ሁለት ጣቴን አሳረፍኩበትና «ሶንግ» አልኩት።

ደንግጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተን አይደለም፣ ትከሻህን ነው» አልኩት። «ያንተ ተራ በሚመጣው ቅዳሜ ነው።»