አስካለች «ቆሞ» ያለች ቀን

አስካለች ወላይታ፣ ገሱባ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አማርኛዋን ሶዶ ተምራ ነው ያመጣችው፤ ወላይትኛ የማይሰማ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አስካለችን ጥሯት» ይባላል። በዚህ ትኮራ ነበር፤ ያዋረዳትም ይኸው ኩራት ነው።

አምና ዶክተር ይልቃል የሚባል የጎንደር ሰው ስለ ምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጠና ከሶዶ ሆስፒታል መጣ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። «አንዱን ሰው ከሌላው ይበልጥ ለዚህ በሽታ የሚያጋልጥ፣ በዘር የሚወረስ ነገር አለ። እሱን ለማወቅ ከፈቃደኞች ደም እንወስዳለን» አለ ይልቃል። አስካለች ሳታመነታ «ዘር» ያለውን «ቆሞ» ብላ ተረጎመችው። በአማርኛ መቆም ነው፤ በወላይትኛ ግን ቆሞ ማለት ጎሳ ነው፣ ወላይታ ልጁን ሲድር አስቀድሞ የሚጠይቀው።

ሕዝቡ ዞሮ ባዳቾን አየ። ባዳቾ የአስካለች አጎት፣ የእናቷ ወንድም ነው። ከጎሳው ምግብ አልወርድ ብሏቸው የሞቱ ሰዎች አሉ። ደም ሊሰጥ የሰበሰበውን እጅጌ ቀስ ብሎ መለሰው።

በማግስቱ ይልቃል ለጤና ሠራተኞቹ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። «ዘር ስል ጎሳ ማለቴ አይደለም። ከእናትም ከአባትም የምንወርሳቸው ጥቃቅን ልዩነቶች አሉ፤ በየጎሳው፣ በየአገሩ ይገኛሉ። ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ የሌለበትም ይታመማል። ትምባሆው፣ መጠጡ፣ የሚፋጀው ምግብ ሲጨመር ነው አደጋው የሚበዛው።»

የአስካለች ፊት ጋለ። ተነሥታ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረባት። በሚቀጥለው ስብሰባ አርመዋለሁ አለች ለራሷ። ስብሰባው መጣ፤ አለፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሷ ግን ለማሸት እንኳ አልሞከረችም።

ወሬው የባዳቾ ልጅ የብሩክታይት እጮኛ ቤት ደረሰ። አንድ የሰፈር ቀልደኛ «ብሩክታይት በቆሞ ምክንያት ቆማ ልትቀር ነው» ሲል ሰው ሳቀ። አስካለችም ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ታሳፍራታለች። እንደ ምንም ሽማግሌ ተመላልሶ ሠርጉ ለጥር ተቀጠረ።

የሠርጉ ቀን ጥሬ ሥጋ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ባዳቾ ቆርጦ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ አላመጠ። ከዚያ የሚያስል መስሎ መሐረቡ ላይ ተፋውና ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አስካለች አየችው። ደግሞ ሌላ ቆረጠ። የወንዱ ወገን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለነበር መብላት ነበረበት።

በሳምንቱ ለምና ለምና ሶዶ ወሰደችው። ይልቃል የምርመራውን ውጤት አይቶ ወደ አስካለች ዞረ።

«ቀደም ብሎ ቢመጣ ቀዶ ሕክምና እናስብ ነበር። አሁን የምንችለው ምግብ እንዲያልፍለት ቱቦ ማስገባት ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምንስ ደበቀ? እስቲ ጠይቂልኝ» አላት።

ጠየቀችው። ባዳቾ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወላይትኛ መለሰላት። «ከጊፋታ ወዲህ ነው። አንቺ ቆሞ ነው ካልሽ በኋላ፣ ይኼ ከተሰማ ልጄን ማን ያገባታል ብዬ ዝም አልኩ።»

ይልቃል ይጠብቃል። አስካለች ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከአዲስ ዓመት ወዲህ ነው ይላል። ፈርቶ ነው የደበቀው።»

ባዳቾ ገበያ ለገበያ የለቃቀመው አማርኛ አለው፤ ያለችውን ሰምቷል። ቀና ብሎ አያት። በኀፍረት አንገቷን ደፋች፤ አሁን ያጋልጠኛል ብላ ጠበቀች።

እሱ ግን ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ልክ ነው ዶክተር» አለ በአማርኛ። «ልጄ ያለችው ልክ ነው። ፈርቼ ነው።»

ይልቃል እንደተነገረው ጻፈ።