የነጥብ እቁብ

እኔን ብሎ የሱፐርማርኬት ደንበኛ! ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ፈርሚ ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም የምነክር ሴትዮ፣ ካርድ በመቀነቴ ቋጥሬ ቤቴል ድረስ ስመላለስ ያየኝ ሰው ወይ ሀብታም ናት ብሏል ወይ አብዳለች ብሏል። ሁለተኛው ይቀርባል። ይሄን የምትጽፍልኝ ልጄ አሁን እየሳቀች ነው። ሳቂ፣ ሳቂ። ያኔ ከቤታችን የሳቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ቤቴል አዲስ የተከፈተ ሱቅ ገባሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ጥፍሯ እንደ ጭልፊት የረዘመ ልጅ፣ "እማማ፣ ካርድ ላውጣልዎት? በገዙ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምልዎታል፣ በነጥቡ ደሞ እቃ በነፃ ይወስዳሉ" አለችኝ። እኔ በነፃ የሚባል ነገር ሰምቼ አልፌ አላውቅም። ስልክ ቁጥሬ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋት።

ቤት ገብቼ ሳስበው፣ እኔ ብቻዬን ስንት ሳሙና እጨርሳለሁ? በዚህ አያያዜ ነጥቡ የሚሞላው ለተዝካሬ ነው። ስለዚህ የግቢያችንን ሴቶች ሰበሰብኩና "ለምን እቁብ አናደርገውም?" አልኳቸው። ሰባት ቤት ነን። ዘይቱንም ስኳሩንም ሳሙናውንም ሁላችን በኔ ካርድ እንግዛ፣ ነጥቡ አንድ ላይ ይወፍር፣ ከዛ እጣ እያወጣን በየተራ እንውሰድ። ደስ አላቸው። ዳኛዋ ማን ሆነች? እኔ ነኛ! ከዛ በኋላ የሰባት ቤት አስቤዛ በሁለት ዘንቢል እያንጠለጠልኩ መመለስ የኔ ሥራ ሆነ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "እማማ፣ ለዘንቢሉም ሂሳብ ይክፈሉ" ሲለኝ "አንተም ዘንቢል ነህ፣ መቼ ከፈልክ?" እለዋለሁ።

ከሴቶቹ ትንሿ፣ አዲስ ሙሽራዋ፣ አንዴ "እማማ፣ አሁን ያለው ነጥብ እኮ ለአንድ ጠርሙስ ዘይት ይበቃል፣ ለምን አንጀምረውም?" አለችኝ። ተቆጣኋት። "እቁብ ሳይሞላ ይነካል እንዴ? ጥጃ ሳያድግ አይታረድም!" እኔ የማውቀው እቁብ እንዲህ ነው፤ ዳኛ ቤት የተቀመጠ ነገር ቢቆይ አይሻግትም። ስልኬ ጢው ባለ ቁጥርም "ይሄ ደሞ ሎተሪ ቁረጡ የሚሉት ናቸው" እያልኩ መልእክቱን አጠፋለሁ። ማጥፊያዋን ቁልፍ አውቃታለሁ። ማንበቡን ነው የማላውቀው።

እንዲህ እያልን ይቺው ልጄ ወለደች። ሴት ልጅ። እልልታችንን ሳንጨርስ እናትየው ታመመችና ሐኪሙ "በዚህ መድኃኒት ጡት ማጥባት አይቻልም፣ ለህፃኗ የዱቄት ወተት ግዙላት" አለ። አባትየው የቀን ሥራ ነው፣ ያኔ ደሞ የሚሠራበት ፎቅ ግንባታው ቆሟል። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በጆሮ ወርቄ ገዛሁ። ሁለተኛውን ሰርግ የምሄድበትን ቀሚሴን ሸጬ። ለሦስተኛው የሚሸጥ ነገር ባይኔ ፈለግኩ፣ ከኔ በቀር ምንም የለም። እኔን ደሞ ማን ይገዛል?

ወተቱን ማቅጠን ጀመርኩ። ሦስት ማንኪያ የሚባለውን ሁለት አደረግኩት፣ ከዛ አንድ ተኩል። ጡጦውን በመስኮቱ ብርሃን ሳየው፣ ወተት የጠጡበት ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ጠጥታ ትጨርስና ጡጦውን ትነክሳለች። ጥርስ የላት፣ በድዷ። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እኔ እዘፍናለሁ፣ ፊቴን አጣምሜ አስቃታለሁ። የራበው ልጅ ፊት በማጣመም አይስቅላችሁም።

ለጎረቤት አልተናገርኩም። ሰው ሲከፋው እኔ ጋ መጥቶ ስቆ እየሄደ፣ እኔ ምን ብዬ "ወተት አለቀብኝ" ልበል? አፈርኩ። በቃ አፈርኩ። ይልቅ ነጥቡ ትዝ አለኝና ሴቶቹን "እጣ እናውጣ፣ ደርሷል" ብዬ ጠራኋቸው። ሙሽራዋ የሰባታችንን ስም ጽፋ ወረቀቶቹን አጣጠፈች፣ ዳኛ ስለሆንኩ ወደ ኩባያው የምጨምረው እኔ ነኝ፣ የማወጣውም እኔ። ስሜን ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩና የኔን ወረቀት በጣቶቼ መሃል አስቀረሁት። እጄን ኩባያው ውስጥ ከተትኩ፣ አማሰልኩ፣ ያንኑ አወጣሁ። አሥር ጊዜ ሰው ላይ ቀልጃለሁ፣ የሰረቅኩት ግን ያን ቀን ነው። ሙሽራዋ ወረቀቱን ገልጣ "እማማ ዕድለኛ!" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ጉንጬ አቃጠለኝ።

በነጋታው በጠዋት ቤቴል ደረስኩ። ሁለት ቆርቆሮ ወተት አቅፌ ባለጥፍሯ ፊት ቆምኩ።

"በነጥብ ነው" አልኳት ኮራ ብዬ።

ካርዱን አስነካችው፣ ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች። "እማማ፣ ነጥብ የለዎትም።"

"ደግመሽ እይው የኔ ልጅ፣ የሰባት ቤት ነጥብ ነው።"

"ነበረዎት። እየገዙ ቢጨምሩበትም፣ ስድስት ወር ካልተነካ ሁሉም ይቃጠላል። ባለፈው ሰኞ ተቃጠለ። መልእክት ልከንልዎት ነበር እኮ፣ ሦስቴ።"

"ማን አቃጠለው? ከሰል ላይ ጥጄው ሄጄ ነው?" ብዬ ልስቅ ሞከርኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። የኔ ሳቅ ግን መሃል ላይ ተሰበረብኝ። "እባክሽ፣ አንዱን ብቻ። ለህፃን ነው።" አለቃዋ መጣ። "እናቴ፣ ሲስተሙ ነው፣ እኛ መመለስ አንችልም።" ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል "ኧረ በእግዜር!" ብሎ በሁለት እጁ አነሳኝ። ባለጥፍሯ ቆርቆሮዎቹን ከእቅፌ ቀስ አድርጋ ወሰደች። ጨክና አይደለም። ግን ወሰደች።

አንዱን ነጠላዬ ስር ብይዘው ኖሮ ብዬ አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። መሳፈሪያ ነበረኝ፣ ግን በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ቶሎ ቤት መድረሱን አልፈለግኩትም። ከግቢው በር ጀምሮ የህፃኗ ልቅሶ ይሰማል። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ እንደ ወተቷ።

ሴቶቹን ጠራኋቸው። ነጥቡ መቃጠሉን ነገርኳቸው፤ በኔ "አይነካም" ባይነት እንደተቃጠለ። ከዛ ደሞ እጣውን መስረቄን ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ከሴቶቹ ሽንኩርት የምትቸረችረው፣ እኩያዬ፣ አፈ ደረቋ፣ ሳታንኳኳ ገባች። አንድ ቆርቆሮ ወተት አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ስድስቱ ያዋጡት ነው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"ይሄ ሲያልቅ ምን እንደምናደርግ አናውቅም" አለችኝ። "እጣውን ስትሰርቂ ደሞ ሁላችንም አይተንሻል። የልጅቷን ልቅሶ እየሰማን፣ ዛሬ ትነግረናለች ነገ ትነግረናለች ብለን ስንጠብቅ፣ አንቺ በኩራትሽ ልትገድያት ነበር።"