ግራ እጅ የሌለው አሻጋሪ

ፎቶ አጣቢዋ ወንዝ ትፈራለች። በቀይ አምፖል ብቻ በሚታየው ጨለማ ክፍል ውስጥ እጇን የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ነክራ ብትውል ቅር አይላትም፤ የውሃ ጩኸት ከሰማች ግን ከመንገዷ ትመለሳለች። የአሻጋሪ ልጅ ሆና እኮ ነው! ድልድዩ ሳይሠራ በፊት፣ ከተራራው የሚወርደውን ወንዝ ሰው እያዘለ የሚያሻግረው አባቷ ነበር። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም፤ ምርኩዙን የሚይዘው በቀኙ ነው። እሷ ግን ሁሌ ጀርባው ላይ ዓይኗን ጨፍና ስለተሻገረች፣ መንገዱ በየት በኩል እንደነበር አታውቅም።

ዘንድሮ ጎርፍ ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው። የባሏ እናት ደግሞ ማዶ ታማ ተኝታለች። ግንበኛው ባሏ ያሰበውን ካላደረገ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

"ውሃው ጎድሏል፤ በአባትሽ መሻገሪያ እሄዳለሁ" አላት።

"አብደሃል? በየት በኩል እንደሆነ በምን ታውቃለህ?"

"አንቺ ታሳዪኛለሻ! የድሮ ፎቶ ስታጥቢ አይደል የምትውዪው?"

እውነቱን ነው። የፎቶ ቤቱ የቀድሞ ባለቤት ከዚህኛው ዳር ሆኖ ያነሳቸው የፊልም ኔጌቲቮች ካርቶን ሙሉ አሉ፤ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ግንድ የሚጎትቱ ወንዶች፣ ውሃ የሚጠጡ በቅሎዎች። ከመሃል አንዱ ላይ አባቷ ሰው አዝሎ በወንዙ መሃል ባለው ትልቅ ቋጥኝ አጠገብ ያልፋል። ውሃውን ላለማየት እየተጣደፈች ሁለት ቅጂ አጠበች። አባቷ ከቋጥኙ በስተግራ ነበር። አንዱን ለባሏ ሰጠችው፣ ሌላውን እንዲደርቅ ሰቀለችው።

ባሏ ከወጣ በኋላ ሥራ እምቢ አላት። ቀና ብላ የተሰቀለውን ፎቶ አየች። አባባ ምርኩዙን የያዘው በግራ እጁ ነው። የቀኙ እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ክው አለች። ኔጌቲቩን ገልብጣ ነው ያተመችው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ወጥቷል! ትናንት የተቀጠረ ተለማማጅ የሚሳሳተውን፣ ፍርሃት አጣድፏት እሷ ተሳሳተች። መሻገሪያው በስተቀኝ ነው። በስተግራ ያለው አባቷ የሸሸው አዙሪት መሆን አለበት።

በሽርጧ እንዳለች ሮጠች። አንደኛው ጫማዋ ቁልቁለቱ ላይ ቀረ። ወንዙ ዳር ስትደርስ ባሏ ምርኩዝ ይዞ እስከ ጭኑ ገብቷል።

"ተመለስ! በግራ አይደለም!"

ድምፅዋን ወንዙ ዋጠው። ባሏ ዞር ሲል ልትሸኘው የመጣች መስሎት ሳቀና እጁን አውለበለበላት። ጀርባውን ከሰጣት አበቃ። ምን ታድርግ? እየፈራች ውሃው ውስጥ ገባች። ግራ ክንዷን ወደ ኋላ ደብቃ፣ ቀኟን ብቻ ወደ ላይ ዘርግታ፣ ልክ እንደ አባቷ ቆመች።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ፎቶውን ከኪሱ አወጣ፤ እሷን አየ፣ ፎቶውን አየ። ከዚያ ምርኩዙን ወደፊት ሰደደው። ምርኩዙ መሬት አላገኘም፤ ውሃው ከእጁ ነጥቆ አሽከረከረና ይዞት ወረደ።

ባሏ ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣ። ዳሩ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም ልብሳቸውን ይጨምቃሉ።

"ያን ሁሉ ጊዜ ፎቶውን ሳየው ድንጋዩን ብቻ ነው ያየሁት" አለ ባሏ።

"እኔም።"

ማዶ፣ ከእናቱ ቤት ጭስ አይታይም። ባሏ ከቋጥኙ በስተቀኝ ያለውን ውሃ ሲያይ አየችው።

"እኔንም አዝለህ ነው የምትሻገረው" አለችው።

"ዓይንሽን ጨፍነሽ?"

"ከጨፈንኩማ መንገዱን ማን ያይልሃል?"